የመኪናዋ ቅርጫ

ያፌት ከገዛ መኪናው በመስኮት መውረድ ከጀመረ ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠብቷል።

መኪናዋ ከሥራ መልሳ ደጁ ድረስ ታመጣዋለች። አረንጓዴው በር ፊት ለፊት ትቆማለች። በሮቿን ግን አትከፍትም። «ገና ነው፤ ቤት አልደረስንም» ትላለች። የውስጡ እጀታ ከብዙ ጊዜ በፊት ለሌላ መኪና ስለተሰጠ ከውስጥ መክፈት አይቻልም፤ ከውጭም እሷ ካልፈቀደች አይከፈትም። ያፌት በስድሳ ሁለት ዓመቱ መጀመሪያ ቀኝ እግሩን፣ ቀጥሎ ራሱን ያወጣል፤ ሚስቱ ሶልያና በብብቱ ይዛ ትስበዋለች። በመጀመሪያው ሰሞን ጎረቤት እየወጣ ይስቅ ነበር። ቆይቶ ተወው። በሞጆ በዚያ ዘመን በሰው መኪና የሚስቅ ብዙ አይገኝም፤ ነገ በራስ ይደርሳል።

አዲስ መኪና ወደዚያ አገር መምጣት ካቆመ ሠላሳ ዓመት አልፏል። የትም አይሠራም የሚሉ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን ለእኛ አይደለም የሚሉም አሉ። ያፌት ከሁለቱም ጋር አይከራከርም። የሚያየው መንገዱ ላይ ያለውን ነው። ሁሉም አሮጌ ነው። ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና «ገና ልጅ ናት» ትባላለች። የአንዷ በር ለሌላዋ፣ የሌላዋ መብራት ለሦስተኛዋ እየሆነ የትኛዋ የቱ እንደነበረች የሚያውቅ ጠፍቷል። ሰው ሲገናኝ ልጆች ደህና ናቸው ወይ ካለ በኋላ «መኪናስ እንዴት አደረች?» ይላል። «ተመስገን፤ ሌሊቱን ትንሽ ስታቃስት ነበር» ይባላል።

ጠዋት ፊት ከመታጠብ በፊት ባትሪው ላይ የተጣለውን ብርድ ልብስ ማንሳት አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለመኪናዋ ማን እንደሆነች መንገር። «የያፌት ነሽ። ቤትሽ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ አረንጓዴው በር ነው።» ያረጀ የመኪና ቀልብ ካልነገሩት ይረሳል። ቀልብ የሚሉት መኪና ባለቤቷንና መንገዷን የምታውቅበትን ነው። ጎህ ሲቀድ በየግቢው ይህ ማንሾካሾክ ይሰማል። እንግዳ ሰው ጸሎት ይመስለዋል።

ያፌት በየጠዋቱ የሽንኩርት መጋዘን ሠራተኞችን ያመላልሳል። እዚያ ስታወርዳቸው መኪናዋ አትቸገርም፤ በሯን ከፍታ «ደርሰናል» ትላለች። ችግሯ ቤት ላይ ነው። የነገራትን ትሰማለች፤ አረንጓዴውን በር ታገኘዋለች፤ ከዚያ ገና ነው ትላለች። ለምን እንዲህ እንደምትል ሊገባው አልቻለም። አንዳንድ ማታ ወርዶ ከጨረሰ በኋላ በሩን፣ ግድግዳውን፣ ታንከሩን በየተራ ይመለከታል። ልክ ናቸው። መኪናዋንም ይመለከታል። እሷም የእሱ ናት።

ዓርብ የቦሎ ቀጠሮዋ ነው። በምርመራ ጣቢያው የሚጠየቀው ሹፌሩ አይደለም፤ መኪናዋ ናት። የማን ነሽ? ቤትሽ የት ነው? ከተሳሳተች የሌላ ቀልብ የገባባት ተብላ እዚያው ትጨፈለቃለች። ማምለጫው ቀልብ ማሳጠብ ነው። ማጠቢያው ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚከፈተውም በቦሎ ቀን ቀጠሮው ለደረሰ ብቻ ነው። ስትታጠብ ባዕዱም የራሷም ይሄዳል፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ማስተማር ነው። ያፌት ዓርብን እንደ ፋሲካ ይጠብቅ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከቅርጫው ነው።

መኪና ስትሞት ዕድሩ ይገዛታል፤ የፈለጉ ተቧድነው በቅርጫ ያርዷታል። ሰኔ መግቢያ ላይ የአቶ ኪሩቤል ነጭ መኪና ታረደች። ግራሩ ሥር ሸራ ተነጠፈ፤ መካኒኩ ኦብሳ እጅጌውን ሰበሰበ። አራት መደብ ነበር፤ የያፌት፣ የሐጂ ኢምራን፣ የሲፈንና የራሱ የኦብሳ። ሐጂ ኢምራን የያፌት አብሮ አደግ ነው፤ ጨው ያመላልሳል። ሲፈን ወተት የምታከፋፍል ቆፍጣና ሴት ናት። ኦብሳ እንደ ደንቡ ለያየ። ባትሪው በአራት ተከፈለ፤ ሽቦው በክንድ እየተለካ ተቆረጠ፤ ጎማው አንድ አንድ ደረሰ። የወንበሩ ስፖንጅ ሳይቀር በቢላ ተተለተለ። ቅርጫ ማለት እኩል ማለት ነው፤ በሁሉም መደብ ላይ ከሁሉም ብልት መድረስ አለበት።

በመጨረሻ ቀልቡ ወጣ። የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ተነባብሮ የደረቀ ግራጫ ነገር ነበር።

«ይህን ለአንዱ እንስጠው» አለ ኦብሳ። «ተቆርጦ ምን ይሠራል?»

«ለማን?» አለ ሐጂ ኢምራን።

«ዕጣ ለወጣለት።»

«ኦብሳ፣ ጉበት ለአንድ ሰው የሚሰጥበት ቅርጫ የት አይተሃል?»

«ይሄ እኮ ጉበት አይደለም ሐጂ።»

«ከጉበት ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

ኦብሳ አሰበ። «ይበልጣል።»

«እንግዲያው ይቆረጣ!»

«ሐጂ ልክ ናቸው» አለች ሲፈን። «ኋላ ወንድም ከወንድም ሊጣላ ነው። ቁረጠው።»

ያፌትም ራሱን ነቀነቀ። ኦብሳ በመጋዙ አራት አደረገው። እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ሰው ምልክት ሰጠ፤ ያፌት የኮቱን ቁልፍ፣ ሐጂ ኢምራን መፋቂያውን፣ ሲፈን የፀጉር መያዣዋን፣ ኦብሳ አንድ ብሎን። በመንገድ የምታልፍ ሴት ጠሩ፤ እሷም የማን የማን እንደሆነ ሳታውቅ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ጣለችላቸው። ቅርጫው ያለ ንትርክ አለቀ። በማግስቱ ሁሉም ድርሻውን በመኪናው አስገጠመ። ባረጀ ቀልብ ላይ ትንሽ መጨመር እንደ እርሾ ነው ይባላል።

ከዚያ ወዲህ የሐጂ ኢምራን መኪና ገበያውን ባለፈች ቁጥር ወደ አሮጌው ቆዳ ፋብሪካ ትሄድና ጨው እንደጫነች ቆማ ትቀራለች። ሐጂ ኢምራን እርጅና ነው አለ። የሲፈን ደግሞ ቆዳ ፋብሪካውን ስታይ ካልሮጥኩ ትላለች፤ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ወዴት እንደምትሄድ የጠፋት ሰው ትሆናለች። ሲፈን በወተቱ ሽታ ነው አለች። ኦብሳ ስለ ራሱ መኪና አይናገርም፤ መካኒክ የገዛ መኪናውን ብልሽት አይናገርም። አራቱ ችግራቸውን አንድ ላይ አስቀምጠው አያውቁም። ያፌት ግን ኦብሳ ዘንድ ሄዶ ነበር። ኦብሳ ከፍቶ አየ፤ ዘጋ።

«ምንም የለባትም ጋሽ ያፌት።»

«ምንም ከሌለባት ለምንድን ነው በመስኮት የምወርደው?»

«እሱ ለእኔም አልገባኝም» አለ ኦብሳ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያፌት ግማሽ ገላው ከመስኮቱ ወጥቶ ሳለ አንዲት ሴት መጣች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ጫማዋ አቧራ የጠገበ። ወርዶ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀች። አልሳቀችም።

«የአቶ ኪሩቤል ልጅ ነኝ። ኤልዳና እባላለሁ።»

ያፌት ወሬውን ያውቃል፤ ሁሉም ያውቀዋል። አቶ ኪሩቤል በስተርጅና መርሳት ይዟቸው ነበር። የሚያስታውስላቸው መኪናቸው ነበረች። ባለፈው የካቲት አንድ ጠዋት ተሳፍረው ወጡ። አመሻሹ ላይ መኪናዋ ባዶዋን ተመለሰችና ደጃፉ ላይ ሞተች። ፖሊስ ፈለገ፣ ዘመድ ፈለገ፣ ጠበል ቦታው ሁሉ ታሰሰ። ሰውየው የሉም።

«ኦብሳ ቀልቧ ሞቷል ብሎኝ ነው የሸጥኳት» አለች ኤልዳና። «ዛሬ ሲፈን ወተት ስታመጣልኝ የእሷ መኪና ቆዳ ፋብሪካው ጋ ስትደርስ እንደምትሮጥ ነገረችኝ። የአባቴ መኪና እዚያ ጋ ነበር የምትሮጠው። የሞተ ቀልብ አይሮጥም ጋሽ ያፌት። እናንተ አራታችሁ ያላችሁ አባቴን የት እንዳደረሰችው ነው። አራት ቦታ ቆራርጣችሁ ይዛችሁታል።»

ያፌት ሥጋ በልቶ ኋላ የሰው ነው የተባለ ሰው መሰለ።

«የእርስዎ ምን ትላለች?»

«አልደረስንም ትላለች።»

«የት?»

«ቤት። ይኸው ቤቴ። ሃያ ዓመት የኖርኩበት።»

ኤልዳና መኪናዋን አየቻት። «ታዲያ የት ስትደርስ ነው ደረስን የምትለው?»

ያፌት ይህን ያህል ጊዜ በመስኮት ሲወርድ ይህን መጠየቅ አልመጣለትም ነበር።

«ልጄ፣ ዓርብ ቦሎ አለብኝ። ላሳጥባት ነው። አለዚያ ይጨፈልቋታል። ከዚህች መኪና በቀር ምንም የለኝም።»

«ዓርብ ያሳጥቧት። እኔ ሐሙስን ብቻ ነው የምለምነው።»

«መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ ቢይዛትስ? ዓርብን ሳታይ ታልቃለች።»

ሶልያና ከኋላው ሆና ስትሰማ ነበር። «አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ክረምቱን ሙሉ እንደ ሌባ በመስኮት ስትወርድ ከርመህ አንዲት ቀን ከበደችህ? የሰው አባት እኮ ነው።»

ያፌት መኪናዋን ዳበሳት። እሺም እምቢም ሳይል ወደ ቤት ገባ። እሺ ማለቱ እንደሆነ ሶልያና ለኤልዳና ነገረቻት።

ሐሙስ ጠዋት አራቱ መኪናዎች በአቶ ኪሩቤል ደጅ ተሰለፉ። ሐጂ ኢምራን ጨዉን ሳያወርድ ነው የመጣው።

«ሥራ ፈት ሁላ!» አለ ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ። «የመኪና ተዝካር ልታወጡ ነው?»

«አንተ ነህ ጉበት ይቆረጥ ያልከው» አለው ያፌት።

«እኔ ስለ ፍትሕ ተናገርኩ። የቆረጠው ኦብሳ ነው።»

«እኔ ደግሞ እምቢ ብዬ ነበር!» አለ ኦብሳ።

«እምቢ ያለ ሰው መጋዝ አያነሳም።»

ኤልዳና ከያፌት ጎን ተቀመጠች። እያንዳንዷ መኪና የደረሳትን የመንገድ ቁራጭ እንድትመራ ተስማሙ፤ መጀመሪያ ሐጂ ኢምራን መሪውን ለቀቀ። የእሱ መኪና ገበያውን አለፈችና እንደ ልማዷ ወደ ቆዳ ፋብሪካው አቀናች። ሦስቱ ተከተሉ። ፋብሪካው ጋ ቆመች። ወዲያው የሲፈን መኪና ከኋላ አፈትልካ አለፈች፤ የወተት ጀሪካኖቿ ተንጋጉ።

«እኔ ድርሻዬን ጨርሻለሁ፤ ልመለስ?» አለ ሐጂ ኢምራን። እያጉረመረመ ተከተለ።

ድልድዩ ጋ ተቆጣጣሪ ቆሟል። ወጣት ነው፤ ፀሐዩ ሰልችቶታል። ከአራቱ የያፌትን መረጠ። ያፌት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጨበጠ። 

«የማን ነሽ?» አለ ተቆጣጣሪው መኪናዋን።

«የያፌት።»

«ቤትሽ የት ነው?»

መኪናዋ ጥቂት ቆየች። ሌላ ጊዜ ቆይታ አታውቅም።

«ወደዚያው እየሄድን ነው» አለች።

ተቆጣጣሪው ወደ ያፌት አየ፤ ወደ መንገዱ አየ። በመልሱ ውስጥ ስሕተት ፈለገ፤ አላገኘም። «እለፍ» አለ።  ያፌት ራሱ ወዴት እንደሚሄዱ አያውቅም፤ እሷ ግን እየሄድን ነው አለች።

ከድልድዩ ወዲያ ተራው የኦብሳ ሆነ። ኦብሳ እስከዚያች ሰዓት ድረስ መኪናዬ ምንም የለባትም ሲል ነበር። ድልድዩን እንደተሻገረች ግን ሳትጠየቅ ቀድማ ወጣች፤ ወደ ቆቃ በሚወስደው መንገድ ሄደች፣ ከአስፋልቱ ወረደች፣ የግራር አጥር መካከል ገብታ አንድ የዘመመ የመብራት ምሰሶ ሥር ቆመች። ኦብሳ ወርዶ አቀረቀረ።

«ማታ ማታ ነው እዚህ የምታመጣኝ» አለ። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

ፊት ለፊት አቧራ መንገድ አለ። መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ ከዚያም እንደገና ሁለት። ሰው አይታይም። ሁሉም ወደ ያፌት ተመለከቱ።

ያፌት ከፊት ሆነ። ምን ማለት እንዳለበት ግራ ገባው። የሚያውቃት ቃል አንድ ናት፤ «ቤት» አለ።

መኪናዋ ገና ነው አላለችም። ምንም አላለችም። እንቁላል እንደጫነች በዝግታ ተነሳች። መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ በደረቀ ቦይ ውስጥ። ያፌት አካባቢውን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። መኪናዋ ግን እያንዳንዷን ጉድጓድ ቀድማ ታውቃለች፤ ከመድረሷ በፊት ትሸሻታለች። በገዛ ሰፈሩ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቃ ሄዳ አታውቅም። ትንሽ ቅር አለው።

ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ፊት ቆመች። «ደርሰናል» አለች። አራቱንም በሮች ከፈተች።

ያፌት በልማድ እግሩን ወደ መስኮቱ አነሳ። ኋላ አወረደው፤ በበር ወጣ።

ቆርቆሮው በር ተከፈተ። ነጠላ ያደገደጉ አሮጊት ብቅ አሉ። ስማቸው ወይዘሮ ፌቨን ነው። መኪናዎቹን በዓይናቸው ቆጠሩ። አልደነገጡም፤ የደከሙ መሰሉ።

«አሁን ደግሞ ስንት ናችሁ?» አሉ።

ከጀርባቸው ግቢው ይታያል። አንድ ሽማግሌ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ሆነው ሰፌድ ታቅፈው ምስር ይለቅማሉ። ኤልዳና «አባ!» ብላ ሮጠች። ሽማግሌው ቀና አሉ፤ ሰፌዱን እንዳይደፋ ወደ ጎን አደረጉት።

«እንግዳ መጣ» አሉ። «ፌቨን፣ ለዚህች ልጅ ውኃ ስጫት፤ ከሩቅ ሮጣ ነው የመጣችው።»

«አባ፣ ኤልዳና ነኝ!»

«እህ» አሉ አቶ ኪሩቤል ደስ ብሏቸው። «የእኔም ልጅ ኤልዳና ናት ስሟ። ከተማ ነው ያለችው። ትመጣለች።»

ኤልዳና እግራቸው ሥር ተቀመጠች። አለቀሰች፤ እሳቸውም ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ አይዞሽ አሏት፤ የማታውቂው አገር እንዲህ ያደርጋል አሏት።

ያፌት ወደ ወይዘሮ ፌቨን ዞረ። ሊቆጣ ነበር፤ ቁጣው ግን የሚያርፍበት አጣ።

«እትዬ፣ እንዴት የሰው ሰው ይዘው ዝም ይላሉ?»

«እስኪ ቆይ ልንገርህ» አሉ ወይዘሮ ፌቨን። «ባለቤቴ ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። መኪናቸውን ሸጥኩት፤ ታርዶ ለብዙ ሰው ደረሰ አሉኝ። እኔ ረሳሁት። ባለፈው የካቲት ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ነጭ መኪና መጥቶ ደጄ ላይ ደርሰናል አለ። በባለቤቴ መኪና ድምፅ!  ወጣሁ። እኒህ ሰው ወረዱ፤ ገቡ፤ ምሳ ደርሷል ወይ አሉ። ምን ልበል? ደርሷል አልኩ። በልተው ሲተኙ መኪናው ተነሥቶ ሄደ።»

«ለቀበሌ አይነግሩም?»

«ምን ብዬ? ቤትዎ የት ነው ስላቸው ይኸው ይላሉ። መኪናውም ይኸው ነው ብሏል። እኔ አንዲት ሴት ሁለቱን እንዴት አድርጌ አስተባብላለሁ?» ወደ ሰፌዱ አዩና ጨመሩ፤ «ደግሞ ምስር ይለቅሙልኛል።»

ሐጂ ኢምራን ጢሙን እየጎተተ፣ «እኛ የቆረጥነው ጉበት ውስጥ የሌላ ሰው ጉበት ነበረ ማለት ነው» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ለመቀለድ አልነበረም።

ኤልዳና ተነሣች። ፊቷን ጠረገች። «አባ፣ ከተማ እንሂድ። ልጅዎን እንይ።»

«እንሂድ» አሉ አቶ ኪሩቤል ሳያመነቱ። ወይዘሮ ፌቨን ኮታቸውን አመጡላቸው፤ አቧራውን አራገፉና አለበሷቸው።

ሐጂ ኢምራን የመኪናውን በር ከፈተላቸው። ሽማግሌው ወደ ውስጥ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሰው መኪና ውስጥ አልገባም።» የሲፈንን አሳዩአቸው፤ «የሰው ነው» አሉ። የኦብሳንም እንዲሁ። የያፌት መኪና ጋ ሲደርሱ ግን ሳይጠየቁ ገብተው ኋላ ወንበር ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። ኤልዳና ከጎናቸው ገባች። ያፌት ከፊት።

«ቤት» አለ ያፌት።

በሮቹ ተዘጉ። መኪናዋ አልተነሳችም። «ደርሰናል» አለች፤ በሮቹንም መልሳ ከፈተች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሹፌር» አሉ አቶ ኪሩቤል። ወርደው ወደ ግቢው ገቡ። ምሳ ደርሷል ወይ ሲሉ ተሰማ።

አግባብተው መልሰው አስገቧቸው። «የያፌት ነሽ» አላት ያፌት ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «ቤትሽ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ አረንጓዴው በር ነው!» «ደርሰናል» አለች። ሽማግሌው አመስግነው ወረዱ። በሦስተኛው ያፌት መሪውን ይዞ ሊያዞር ሞከረ፤ መሪው እንደ ድንጋይ ሆነ። ቤቷ ደርሳ የቆመች መኪና መሪ አትሰጥም። ኦብሳና ሐጂ ኢምራን ከፊት ሆነው ወደ ኋላ ገፏት። ጥቂት ሄደች። ሰዎቹ ትንፋሽ ሊወስዱ ሲቆሙ ወደ ፊት ተንፏቃ ሰማያዊው በር ላይ አረፈች፤ በሮቿን ከፈተች። አቶ ኪሩቤል አሁንም አመሰገኑ። በየጊዜው የሚወርዱት ልክ ከረጅም መንገድ እንደመጣ ሰው ነው፤ በየጊዜው ደስ ብሏቸው ነው።

«ተዉት» አለች ኤልዳና።

ከመኪናው አልወረደችም ነበር። የግቢውን በር እያየች ቆየች። አባቷ ወደ ሰፌዱ ተመልሰዋል፤ ወይዘሮ ፌቨን ኮቱን አውልቀው ምስማሩ ላይ ይሰቅላሉ።

«እኔ ዛሬ እዚህ አድራለሁ» አለች። «እናንተ ሂዱ።»

«እሷስ?» አለ ያፌት መኪናዋን እያሳየ። «ነገ ዓርብ ነው። ካሳጠብኳት ይህ ሁሉ ይጠፋል። ኋላ ብትፈልጊው የለም።»

«መንገዱን አሁን እኔ ይዤዋለሁ ጋሽ ያፌት። ያሳጥቧት። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።»

ሁሉም ተሰብስበው መኪናዋን ምሰሶው ድረስ እየገፉ ወሰዷት። ምሰሶውን ስታልፍ መሪውን ለቀቀች። ያፌት በእጁ እየነዳ ወደ ከተማ ተመለሰ።  አረንጓዴው በር ጋ ሲደርሱ ገና ነው አለች፤ ለመጨረሻ ጊዜ በመስኮት ወረደ። ማታ ሶልያና የሆነውን ስትጠይቀው፣ «ሰውየው ተገኝተዋል» አለ። «ታዲያ መጡ?» አለች። «ቤታቸው ናቸው» አለ፤ የሚለውንም ራሱ ሰማው።

ዓርብ ጠዋት በጣቢያው ማጠቢያ መኪናዋን ጨለማ ክፍል አስገብተው በሩን ዘጉባት። ያፌት ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የጎማ ጫማ ያደረገች ሠራተኛ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች።

«አለቀ አባባ። ምን ነበረባት?»

«ቤት» አለ ያፌት።

ሠራተኛዋ ያልሰማች መስላ ገባች።

መኪናዋ ስትወጣ ድምጿ ቀጥኖ ነበር። «ማን ነዎት?» አለችው። ነገራት። «ቤት የት ነው?» አለችው። ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ አረንጓዴው በር አላት። ሁለት ጊዜ አስደገማት። መርማሪው ጠየቃት፤ አንድ ሳታጓድል መለሰች። ቦሎው መስታወቷ ላይ ተለጠፈ። ሌሎች ሹፌሮች እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ያፌት እጅ ነሳ። የተመኘውን አገኘ።

ወደ ሰፈር ስትመለስ ጉድጓዶቹን አልሸሸችም፤ ገና አታውቃቸውም። አንድ በአንድ ገባችባቸው። አረንጓዴው በር ፊት ቆመች። «ደርሰናል» አለች፤ በሩን ከፈተችለት።

ሶልያና በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። «ዛሬማ እንደ ሙሽራ በበር ልትወርድ ነው!» አለች እጇን አጨብጭባ።

ያፌት አልወረደም። መሪውን እንደያዘ በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየ፤ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ታንከሩ፣ በሩ ላይ ወደቆመችው ሴት። ሁሉም እሱ እንደነገራት ነው። ከነገራት ሌላ ምንም አታውቅም።

ሶልያና እንዳትሰማ ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት።